ተረት ነጋሪና ተቀባዩ

ተረት የሚነግር ሰው «ተረት ተረት» ይልና ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከዙሪያው «የላም በረት» የሚል ድምፅ እስኪመጣ አይቀጥልም። ድምፁ ከሳሳ «አልሰማሁም!» ብሎ ያስደግማል። ለልጆች ሞቅታ ሲባል የሚደረግ ይመስላል እንጂ በቃል የሚነገር ትረካ መሠረቱ እዚህ ላይ ነው። ተራኪው ገና ምንም ሳይናገር ፈቃድ ጠየቀ፣ አድማጩም ሰጠው። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ዋጋውን ይጠይቃል። አድማጭ ባለዕዳ ሆኖ ይነሣል፤ ነገ የመናገሩ ተራ የእሱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ በሰው ፊት ቆመው ወይም ተቀምጠው የሚተርኩ ሰዎችን ሥራ ማስተዋወቅ እፈልጋለሁ። የማምንበት ነገር አንድ ነው፦ ይህ ጥበብ የሁለት ወገን ሥራ ነው፤ የሚቀበለው ከሌለ ነጋሪው ጎዶሎ ነው።

አንድ ተረት ወስደን ቀረብ ብለን እንየው። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥ ይገኛል፤ መጽሐፉም የተሰየመው በዚሁ ተረት ነው። አንድ ሀብታም ከአሽከሩ ጋር ይወራረዳል። አሽከሩ ሌሊቱን ሙሉ ተራራ ጫፍ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት ቆሞ ካደረ መሬትና ከብት ሊሰጠው ቃል ይገባል። አሽከሩ አንድ ሽማግሌ ያማክራል። ሽማግሌውም «ከማዶ ተራራ ላይ እሳት አነድልሃለሁ፣ አንተ እሱን እያየህ እደር» ይለዋል። እንደተባለው አድሮ በሕይወት ይወርዳል። ሀብታሙ ግን «እሳት አይተሃል» ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ለሀብታሙ ይፈርዳል። ከዚያ አንድ ሌላ ትልቅ ሰው ድግስ ደግሶ ሀብታሙንም ዳኛውንም ይጠራል። የወጡ ሽታ ከጓዳ ይመጣል፣ ምግቡ ግን አይቀርብም። እንግዶቹ ሲያጉረመርሙ ጋባዡ «ከማዶ የታየ እሳት የሚያሞቅ ከሆነ፣ ከጓዳ የመጣ ሽታም ያጠግባል» ይላቸዋል።

በጽሑፍ ይኸው አለቀ። ጎበዝ ተራኪ እጅ ሲገባ ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ተራኪው ብርዱ ላይ ይቆያል። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ያስቀምጣል፣ ጥርሱን ያንገጫግጫል፣ ክንዱን ዘርግቶ ማዶ የምትብለጨለጨውን እሳት ያሳያል፤ ልጆቹም ዞረው ግድግዳውን ያያሉ። ፍርዱ ላይ ሲደርስ ይፈጥናል። የዳኛውን ቃል በአጭሩ፣ በደረቁ ተናግሮ ጸጥ ይላል። ያንን ጸጥታ አድማጩ ራሱ ይሞላዋል፦ «ኧረ ግፍ ነው!» የሚለው ድምፅ የመጣው ከተራኪው አፍ አይደለም፤ ቦታውን ግን ያዘጋጀው እሱ ነው። ድግሱ ላይ እንደገና ይዘገያል። ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲገባ፣ ቅቤው ሲነጠር፣ ኮረሪማው ሲሸት፣ አንድ በአንድ። የቤቱ እራት ገና ምድጃ ላይ ከሆነ ደግሞ የወጡ ሽታ ያግዘዋል፤ የተራበ አድማጭ የአሽከሩን በደል በሆዱ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ተራኪው ቃል በቃል አላጠናውም። የሚይዘው አጥንቱን ነው፦ ማን ነው፣ ምን ፈለገ፣ ማን ከለከለው፣ እንዴት ተፈታ። ሥጋውን ፊቱ ያለውን ሰው እያየ ያለብሰዋል። ልጅ ከበዛ ጅብ ይጨመራል፣ ሽማግሌ ከበዛ ችሎቱ ይረዝማል። የማይነካው መግቢያውን፣ መዝጊያውንና በተረቱ ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣውን ቃል ነው። የጅብ ተረት ሲነግር ጅቡ በር ላይ መጥቶ የሚናገረው ቃል በሦስተኛው ምልልስ ላይ ቢለወጥ፣ የአምስት ዓመት ልጅ «እንደዚያ አይደለም!» ብሎ ያርመዋል።

በሌላው ዓለም ይኸው ሥራ የተደራጀ ሙያ ሆኖ ይገኛል። በጃፓን ራኩጎ የሚባለው ትረካ አለ። ተራኪው ኪሞኖ ለብሶ ትራስ ላይ ይንበረከካል፤ ታሪኩ እስኪያልቅ አይነሣም። የያዘው ማራገቢያና የእጅ ፎጣ ብቻ ነው፤ ማራገቢያው አንዴ መብያ እንጨት፣ አንዴ ብዕር ይሆናል። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ፊቱን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ በማዞር ይለያቸዋል። ጀማሪው ለመምህሩ ሻይ እያቀረበ፣ ልብሱን እያጠፈ ይማራል፤ ሙሉ ባለሙያ እስኪባል ብዙውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ይወስድበታል። በሞሮኮ ማራካሽ ደግሞ ተራኪዎቹ ጀማ ኤል ፍና አደባባይ ላይ ሕዝብ በክብ ከቧቸው ይተርካሉ፤ የሰው ልብ በተንጠለጠለበት ቦታ አቁመው ሳንቲም ይሰበስባሉ። ዩኔስኮ ይህን የአደባባዩን ባህል በ2001 እ.ኤ.አ. በሰው ልጅ የቃል ቅርስነት አውጆታል።

በእኛ ዘንድ ተረት የሚያስተምር ተቋም አልነበረም፤ አያት ነበረች። ሆኖም በቃል የሚሠራው ጥበባችን ሁሉ ያንኑ የመቀባበል ሕግ ይከተላል። እንቆቅልሽን ያስቧል። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባላል። መልሱ የጠፋበት ሰው «ሀገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ቢሰጥ ጠያቂው ሊቀበል ወይም «አልፈልግም፣ ሌላ» ሊል ይችላል። ሀገሩን ከተቀበለ በኋላ እዚያ ገብቶ ያየውን፣ የበላውን፣ የጠጣውን ያወራል፤ በዚያውም የተሸነፈውን ይሰድበዋል። ልጅ ተረት መፍጠርን የሚለማመደው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ያላየውን ከተማ በሰው ፊት፣ ሳይዘጋጅ፣ ማውራት አለበትና።

አዝማሪ ቤት ስንገባ ሕጉ በአንድ ቃል ይታወጃል፦ «ተቀበል!» እንግዳው ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው በማሲንቆው አጅቦ ያዜመዋል፣ ካሻውም ራሱ ሰም ለበስ አድርጎ የእንግዳውን ጫማ፣ ጠጉርና ኪስ ያነሣሣል። ከማለዳው በር ላይ ቆመው የሚያዜሙት ላሊበላዎች ደግሞ ቀድመው ከጎረቤት የቤቱን አባወራና የልጆቹን ስም ይጠያይቃሉ፤ ስማቸው በዜማ ሲጠራ የሰሙ ሰዎች ተኝተው መቅረት ይቸግራቸዋል። አድማጩ ራሱ የታሪኩ ጥሬ ዕቃ ይሆናል።

ታዲያ ተቀባዩ በማይታይበት ጊዜ ምን ይደረጋል? ሬዲዮ ይህን ጥያቄ ይዞ መጣ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለ ልብ ወለድ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ስቱዲዮ ውስጥ «ወይኔ!» የሚለው ሰው አልነበረም። ሆኖም ለፊታውራሪ መሸሻ፣ ለጉዱ ካሣ፣ ለሰብለ ለእያንዳንዳቸው ድምፅና ትንፋሽ አበጀላቸው፤ ለአድማጩም የመደንገጫና የመሳቂያ ጊዜ ተወለት። መጽሐፉን ያላነበበ ብዙ ሰው ዛሬም ታሪኩን የሚያስታውሰው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ትረካ መማር የሚፈልግ ሰው ያን ቅጂ ደጋግሞ ያድምጥ፤ በተለይ ወጋየሁ የት የት ላይ እንደሚተነፍስ።

አባባ ተስፋዬ ሌላ መንገድ መረጡ። ተስፋዬ ሣህሉ በ1915 ዓ.ም. የተወለዱ፣ ገና ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ የተጫወቱ፣ ኮሪያ ድረስ ተጉዘው የዘመተውን ሠራዊት ያዝናኑ ተዋናይ ነበሩ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ አርባ ዓመት ያህል ቆዩ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አያትም፣ ወላጅም፣ ልጅም የእኔ አባባ ተስፋዬ ብሎ አዘነ። ካሜራውን እንደ አንድ ልጅ ያናግሩት ነበር፤ ጠይቀው መልሱን ይጠብቃሉ። ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠው ልጅም ጮክ ብሎ ይመልስላቸዋል። ያ የመጠበቅ ትዕግሥት ከመድረክ የመጣ ነው፤ ተመልካቹን ሳያከብር ማንም አይችለውም።

ዛሬ ደግሞ መድረኩ ወደ አንድ ሰው ትረካ ተመልሷል። በረከት በላይነህ የጻፈው፣ ግሩም ዘነበ ብቻውን የተጫወተው «እያዩ ፈንገስ» አዳራሽ ሙሉ ሰው አስቋል፣ አስቆዝሟልም። በእስራኤል ተዋናዩ ዮሲ ቫሳ በልጅነቱ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል ያደረገውን ጉዞ በአንድ ሰው ትርዒት በዕብራይስጥ ተርኮታል። የቤተ እስራኤል ልጆች ወላጆቻቸው ዝም ያሉበትን ነገር በመድረክ ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አይከብድም።

የሚያሳዝነኝ በመማሪያ መጻሕፍታችን ተረት ከታተመ በኋላ ከሥሩ «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» የሚል ጥያቄ መደንቀሩ ነው። አያቶቻችን እንደዚያ አይጠይቁም ነበር። ልጁ ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ላም እየጠበቀ ወይም ውኃ እየቀዳ፣ «ያ አሽከር ግን መሬቱን አገኘ?» ብሎ እስኪመጣ ይተዉታል።

መጀመር ለሚፈልግ ወላጅ የምመክረው፣ እየተመላለሰ የሚመጣ ቃል ያለበት አጭር ተረት እንዲመርጥ ነው። በውጭ ሀገር ላደገና አማርኛው ለሳሳ ልጅም ይህ ይጠቅማል፤ ተረቱ በሚቀለው ቋንቋ ይነገረው፣ መግቢያው፣ መዝጊያውና ተመላላሹ ቃል ግን በአማርኛ ይሁን። አጭር ስለሆነና ስለሚደጋገም ይይዘዋል። መጽሐፉን አጥፈው ያስቀምጡት፣ ዓይንዎን ከልጁ ዓይን ላይ አያንሡ። ለምሳሌ ስለ አህያ ሲነግሩት «አህያዋ ሞተች?» ብሎ ቢያቋርጥዎ «አንተስ ምን ትላለህ?» ይበሉትና የሰጠዎትን መልስ ተረቱ ውስጥ ያስገቡት። ከጥቂት ምሽቶች በኋላ ተራውን ለእሱ ይስጡት፤ መሃል ላይ ቢጠፋበት አያስታውሱት፣ «ከዚያስ?» ብለው ብቻ ይጠይቁት።