ስለ አሮጌ ጠመንጃ ማኅተምና ስለ እውነተኛነቱ

በ1933 ዓ.ም. ዋና መምሪያውን በናይሮቢ ያደረገው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ከኬንያ ተነሥቶ፥ በሶማሊያ በኩል አልፎ፥ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ በገባ ጊዜ አብዛኛው ወታደር የያዘው ጠመንጃ ሊ ኤንፊልድ የተባለው የእንግሊዝ ሥራ ነበር። ከጠላት የተማረከው ደግሞ ካርካኖ የሚባለው የኢጣልያ ጠመንጃ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ፥ ከእነርሱም በፊት ከመጣው ከውጅግራ፥ ከአባት ለልጅ ተላልፎ ዛሬም በየቤቱ የሚገኝ አለ። ባለቤቱ የአያቱን ጀግንነት ሲያወራ ጠመንጃውን ምስክር ይጠራል፤ ብረቱ ራሱ የሚናገረውን የሚያነብ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሊ ኤንፊልድ ቃሉን የሚሰጠው በሰደፉ አንገት፥ በቀኝ በኩል ባለው የብረት ቀለበት ላይ ነው። በላይ ዘውድ፥ ከዘውዱ ሥር የንጉሡ ስም መነሻ ፊደላት፥ ቀጥሎም የፋብሪካው ስም፥ ዓመቱና የጠመንጃው ዓይነት ተመትተዋል። ኤንፊልድና በርሚንግሃም በእንግሊዝ አገር፥ ኢሻፖር በህንድ፥ ሊትጎው በአውስትራሊያ የሚገኙ ናቸው። ዓመቱ የሚቆጠረው እንደ አውሮፓውያን ነው። የሐሰት ሥራም ብዙውን ጊዜ የሚጋለጠው በዚህ ቀለበት ላይ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1901 ስለ ሞተች፥ የእርስዋ ፊደልና 1915 የሚል ዓመት አብረው የተመቱበት ጠመንጃ ከመንግሥት ፋብሪካ የወጣ ሊሆን አይችልም። በፓኪስታን ወሰን በዳራ አደም ኬል የሚኖሩ ጠመንጃ ሠሪዎች የእንግሊዝን ጠመንጃ ከነማኅተሙ መቅዳት የለመዱ ናቸው። የእጃቸው ሥራ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ላቲኑን የማያነብ ሠሪ አንዳንድ ጊዜ ፊደሉን ገልብጦ ይመታዋል።

የኢጣልያው ጠመንጃ የራሱ መፈተኛ አለው። በአፈሙዙ ሥር የፋብሪካው ስም፥ ለምሳሌ ቴርኒ፥ ከዓመቱ ጋራ ይገኛል፤ በፋሺስት ዘመን በተሠራው ላይም የፋሺስቱ ዓመት በሮማውያን ቁጥር የተጨመረበት አለ። ይህ ዓመት መቆጠር የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር ከኦክቶበር 1922 መጨረሻ ነው። ስለዚህ 1937 ከተባለው ዓመት አጠገብ 15 ወይም 16 ሊገኝ ይገባል፤ 20 ቢገኝ ግን ከሁለቱ አንዱ የኋላ ሰው ሥራ ነው።

ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ሳይስማሙ ሲቀሩ ባለቤቱን አታላይ ለማለት መቸኮል አይገባም። በሊ ኤንፊልድ ላይ ቁጥሩ በዋናው አካል፥ በአፈሙዙ፥ ጥይት በሚያጎርሰው መቀርቀሪያና በማነጣጠሪያው ይደጋገማል፤ ሁሉ አንድ ሲሆን ጠመንጃው እንደ ተሠራ ለመቆየቱ መልካም ማስረጃ ነው። ሆኖም የጦር ግምጃ ቤቱ ባለሙያ መቀርቀሪያውን ሲለውጥ የድሮውን ቁጥር ሰርዞ አዲሱን ይመታበታል፤ ይህም ዕድሳት ነው። አንዲት ቀስት የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት መሆኑን፥ ጫፍ ለጫፍ የገጠሙ ሁለት ቀስቶች ከመንግሥት እጅ በሽያጭ መውጣቱን ያመለክታሉ። ሊያጠራጥር የሚገባው ቁጥሩ የነበረበት ቦታ በሞረድ ተፍቆ ከዙሪያው ዝቅ ያለው ብረት ነው።

ከ1945 እስከ 1952 ዓ.ም. በኬንያ በቆየው የማው ማው ትግል ጊዜ ደግሞ ከውሃ ቧንቧና ከበር መቀርቀሪያ በእጅ የተሠሩ ጠመንጃዎች ነበሩ። ተኳሹንም የሚያሰጉ ነበሩ። የፋብሪካ ማኅተም የላቸውም፤ ለእነዚህ የእውነተኛነታቸው ምልክት ይኸው ማኅተም ማጣታቸው ነው። ነጋዴ ዋጋ ይጨምርልኛል ብሎ የውጭ አገር ስም ቢመታባቸው የቀረውን ታሪካቸውን ያጠፋል።

የምልክት ነገር በናይሮቢ እስከ መንግሥታት ውል ደርሷል። ሚያዝያ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኬንያ ያሉባቸው የታላላቅ ሐይቆች አካባቢና የአፍሪካ ቀንድ አገሮች ስለ ቀላል መሣሪያዎች ቁጥጥር በዚያ ከተማ ተፈራርመዋል። በስምምነቱ መሠረት መሣሪያ ሲሠራ የሠሪው፥ የአገሩና የተራ ቁጥሩ ምልክት፥ ወደ አገር ሲገባም የገባበት አገርና ዓመት ይመታበታል። በኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ የያዘ ሰው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ቁጥሩ የተፋቀ የአያት ጠመንጃ እንግዲህ በታሪክ ፊት ዋጋው ሲቀንስ፥ በመዝጋቢው ፊት ደግሞ ጥርጣሬ ያመጣል።

መዝጋቢውም ቢሆን ይሳሳታል። በውጅግራ ላይ ያለው 1874፥ በሌቤል ላይ ያለው 1886 የሞዴል ዓመት እንጂ የተራ ቁጥር አይደለም፤ ይህን እንደ ቁጥር የመዘገበ ጸሐፊ መቶ ጠመንጃ አንድ ቁጥር ሊሰጥ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከየትኛው ክፍል እንደ ተነበበ አብሮ ይጻፍ፤ ዓመቱም ወደ ዓመተ ምሕረት ሳይለወጥ እንደ ተመታው ይመዝገብ። ጥይት የሌለበት መሆኑ ከሁሉ አስቀድሞ ይታያል። ዝገት የሸፈነው ማኅተም ዘይት በነካ ጨርቅ በቀስታ ይጠረጋል እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግም። አሁንም ካልተነበበ ስስ ወረቀት አኑሮ በእርሳስ ማሸት ቅርጹን ያወጣዋል፤ ወረቀቱም ከመዝገቡ ጋራ ተያይዞ ይቀመጣል።