የቤት ጥበቃ ጠቋሚ መሣሪያና የአንቴናው ልክ

በሰንበቴ እሑድ እሑድ አፋሩም ኦሮሞውም አርጎባውም አማራውም የሚገናኝበት ታላቅ ገበያ ይቆማል። ነጋዴው ገበያ ሲውል መጋዘኑን የሚጠብቅለት፣ በር ሲከፈት በራዲዮ ሞገድ ለቤተሰቡ የሚያስታውቅ ጠቋሚ መሣሪያ ነው። ነገር ግን መጋዘኑ የቆርቆሮ የሆነ እንደሆነ ብረቱ ሞገዱን ስለሚመልሰው ወሬው ሳይደርስ ሌባው ይደርሳል።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ብዙዎቹ ርካሽ ጠቋሚዎች በ433.92 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ። የብርሃን ፍጥነት በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ለዚህ ቁጥር ብናካፍለው የሞገዱ ርዝመት 69 ሳንቲ ሜትር፣ ሩቡም 17.3 ሳንቲ ሜትር ግድም ይሆናል። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ጥምዝ ሽቦ ቦታ ለመቆጠብ ያጠረ በመሆኑ ኃይል ያባክናል። ስለዚህ ጥምዙን ነቅሎ በቦታው በሩቡ ልክ የተቆረጠ ቀጥ ያለ የመዳብ ሽቦ መበየድ፣ ሽቦውንም ከቆርቆሮው ማራቅ ይገባል። የተቀባዩም አንቴና ከፍ ካለ ቦታ ይቁም።

በገላጣ ሜዳ እንኳ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ኃይል ያሻል። እንግዲህ ኃይል ከመጨመር አስቀድሞ ስንዝር የማይሞላውን ሽቦ በልኩ መቁረጥ እንደሚበጅ እናምናለን።