የኦቲዝም ድጋፍ ማዕከላት በኢትዮጵያ

የኦቲዝም ድጋፍ ማዕከል ኦቲዝም ያላቸው ልጆች የሚማሩበት፣ ወላጆቻቸውም ልጃቸውን መርዳትን የሚለማመዱበትና እርስ በርስ የሚገናኙበት ተቋም ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ማዕከል ጆይ ኦቲዝም ማዕከል ሲሆን፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ማዕከላትና የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ቢቋቋሙም በአብዛኛው የሚገኙት በዋና ከተማዋ ነው። ከአዲስ አበባ 225 ኪ.ሜ. ያህል ርቃ በምትገኘው አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ወይም ከ500 ኪ.ሜ. በላይ በምትርቀው የአፋር ክልል ርዕሰ ከተማ ሰመራ ለሚኖር ቤተሰብ ዋናው ጥያቄ በማዕከል የሚሰጠው እርዳታ እንዴት እቤቱ ድረስ ሊደርስ ይችላል የሚለው ነው።

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም በአንጎል እድገት ላይ የሚታይ ልዩነት ሲሆን ምልክቶቹ በልጅነት ይጀምራሉ። ሁለት ዋና መገለጫዎች አሉት። አንደኛው ከሰው ጋር በመግባባትና በመቀራረብ ረገድ የሚታይ ችግር ነው። ሁለተኛው ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ፣ ለለመዱት ነገር ጥብቅ መሆን፣ እንዲሁም ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለልብስ ወይም ለምግብ ዓይነት ከሌላው ሰው የተለየ ስሜት ማሳየት ነው። አንድ ልጅ ዓመት አልፎት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ዓመት ተኩል ሞልቶት የፈለገውን በጣቱ የማያመለክት፣ ወይም ጀምሮት የነበረውን ንግግር የተወ ከሆነ በባለሙያ መታየት ይኖርበታል። ብዙ ወላጆች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ልጁ አይሰማም ብለው ነው። ስለዚህ የጆሮ ምርመራ ቀድሞ መደረጉ ተገቢ ነው።

በመጠን ረገድ ኦቲዝም በጣም የተለያየ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚጨርስ አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገር የሚኖርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለው ይገምታል።

የሩሲያ ሐኪም የነበረችው ግሩንያ ሱኻሬቫ በ1925 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ባሕርይ ስላላቸው ልጆች ጽፋ ነበር። በስፋት የታወቀው ግን በ1943 እ.ኤ.አ. ሊዮ ካነር በአሜሪካ ያወጣው ጽሑፍ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የኦቲዝም መንስኤ የእናት ፍቅር ማነስ ነው የሚል አስተሳሰብ በምዕራቡ ዓለም ሐኪሞች ዘንድ ሳይቀር ይነገር ነበር። እናትን መውቀስ የኢትዮጵያ ብቻ ልማድ አይደለም ማለት ነው። ዛሬ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው የዘር ውርስ እንደሆነ ይታወቃል። ክትባት ኦቲዝም ያመጣል ተብሎ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ጽሑፍ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሔት ተሰርዟል፤ በኋላ በብዙ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ግንኙነት አላገኙም።

በአማርኛ መገናኛ ብዙኃን «የኦቲዝም ተጠቂ» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። ኦቲዝም ግን እንደ ወባ የሚይዝና የሚለቅ በሽታ ስላልሆነ አገላለጹ ያሳስታል፤ የሚያድን መድኃኒት ፍለጋ ቤተሰብን ከቦታ ቦታ የሚያንከራትተውም በከፊል ይህ አስተሳሰብ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ኦቲዝም ያላቸው» የሚለው ተመርጧል።

የማዕከላት አጀማመር

ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ዘሚ በአሜሪካ ኖረው ወደ አገራቸው የተመለሱ፣ በአዲስ አበባም የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው የሚያስተዳድሩ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ጆጆ ኦቲዝም ነበረው፤ የሚቀበለውና የሚይዘው ትምህርት ቤት ማግኘትም ከባድ ሆነባቸው። በዚህ ምክንያት ኒያ ፋውንዴሽን የተባለውን በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁመው በሥሩ ማዕከሉን ከፈቱ።

በዚያ ጊዜ ኦቲዝም የሚለው ቃል ራሱ በኢትዮጵያ እንግዳ ነበር። ልጆቹ እርግማን የደረሰባቸው ወይም በመንፈስ የተያዙ ናቸው እየተባለ በር ተዘግቶባቸው፣ አንዳንዶቹም ታስረው ይኖሩ ነበር። ዘሚ ስለ ልጃቸው በአደባባይ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን መናገር ጀመሩ። ምናልባት ከሕንፃው ይልቅ ብዙ ቤተሰብ የደረሰው ይህ ንግግራቸው ነው፤ የልጃቸውን ሁኔታ ስም ያጡለት እናቶች ስሙን የሰሙት በዚህ መንገድ ነበር። ዘሚ በኮቪድ-19 ምክንያት በ2021 እ.ኤ.አ. አርፈዋል።

ዘሚ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተሰኘ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል። ዘዴው የፊደልን ድምፆች መሠረት አድርጎ መናገር የማይችሉ ልጆች ድምፅ ማውጣትንና ማንበብን እንዲለምዱ የሚረዳ ነው። ከጆይ በኋላ ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም በአዲስ አበባ ተቋቁሟል። ይህኛውም ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ወላጆች የተመሠረተ ነው። በኢትዮጵያ የዚህ ዓይነት አገልግሎት ታሪክ በአመዛኙ የወላጆች ሥራ ታሪክ ነው።

በማዕከል ውስጥ ምን ይሠራል?

ውጤቱ ቶሎ አይታይም። አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈው ሌሎች ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው የሚለምዱትን ነገር በትንሽ በትንሹ በማስለመድ ነው፦ እጅ መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ በራስ መጉረስ፣ ጫማ ማድረግ፣ ተራ መጠበቅ። እጅ መታጠብ ለምሳሌ ስድስት ወይም ሰባት ደረጃዎች ይኖሩታል። ልጁ የመጨረሻዋን፣ እጁን በፎጣ ማድረቅን፣ ብቻውን እስኪሠራ ሌላውን መምህሩ እጁን ይዞ ያግዘዋል፤ ከዚያ ከመጨረሻው ሁለተኛዋን ይጨምርለታል። በዚህ አካሄድ እያንዳንዱ ሙከራ የሚያልቀው ልጁ ራሱ በፈጸመው ነገር ስለሆነ ተስፋ አይቆርጥም።

ከቃል ይልቅ ሥዕል የሚቀላቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ የቀኑ ተግባራት በሥዕል በተራ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። መናገር የማይችለው ልጅም የውሃ ሥዕል አንሥቶ በመስጠት መጠማቱን ይገልጻል። ይህ ሰነፍ ያደርገዋል፣ ከመናገርም ያግደዋል የሚል ፍርሃት በወላጆች ዘንድ አለ፤ ጥናቶች ግን ሥዕል መጠቀም ንግግርን እንደማይከለክል ያሳያሉ። ለዚህ የኮምፒውተርና የታብሌት ፕሮግራሞችም አሉ። ሆኖም በስልክ ፎቶ የተነሣ የገዛ ቤቱ ጆግና ሳህን፣ ታትሞ በፕላስቲክ ከተሸፈነ፣ መብራት ሲጠፋም ያገለግላል።

ለወላጅ ደግሞ ማዕከል ማለት ቢያንስ ለግማሽ ቀን እረፍት ነው። ሥራ የተዉ እናቶች ወደ ሥራ የሚመለሱበት፣ ገበያ የሚወጡበት ጊዜ ያገኛሉ።

ቤተሰብና መገለል

በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ክሊኒኮች የእድገት እክል ያለባቸውን ልጆች ይዘው የመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ከእነዚህ 45.1 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ ማፈራቸውን፣ 43.1 በመቶው ሰዎች በተለየ ዓይን ያዩናል ብለው መስጋታቸውን፣ 26.7 በመቶው ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ መሞከራቸውን ተናግረዋል። እነዚህ እንግዲህ ልጃቸውን ይዘው ወደ ክሊኒክ የወጡት ናቸው፤ እቤት ደብቀው የቀሩት በቁጥሩ ውስጥ የሉም። አሳዳጊዎቹ ምን እንደጎደላቸው ሲጠየቁ ከሕክምናም በላይ በብዛት የጠሩት ትምህርትን ነው፤ 74.5 በመቶው።

ስለ መንስኤው የሰጡት መልስም ቀላል አልነበረም። የወሊድ ችግርንና የጭንቅላት ጉዳትን የሚጠቅሱ አሉ፤ የፈጣሪ ቅጣትን ወይም እርግማንን የሚጠቅሱ አሉ፤ ሁለቱንም በአንድ አፍ የሚናገሩም አሉ። ክርስቲያኑ ወደ ጸበል፣ ሙስሊሙ ቁርኣን ወደሚቀሩ ሰዎች ይሄዳል፤ ከዚያው ሳይርቅም ወደ ሆስፒታል ይመጣል። ሁለቱን እንደ ጠላት ማቅረብ ብዙ ቤተሰብ ከሚኖርበት እውነታ ጋር አይገጥምም። ልጅን ማሰር፣ መምታት ወይም ማስራብ ካለበት ግን በየትኛውም ስም ጉዳት ነው።

ከማዕከል ወደ ቤት

ማዕከል ሊቀበል የሚችለው ልጅ ውስን ነው፤ የአዲስ አበባዎቹም ወረፋ ረጅም ነው። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት ወላጆችን ራሳቸውን የሚያሠለጥን መርሐ ግብር አዘጋጅቷል። ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ ልጆች አሳዳጊዎች የተሰናዳ ሲሆን፣ 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት። የሚሰጡት የግድ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አይደሉም፤ ነርስ፣ መምህር ወይም ሥልጠናውን ያለፈ ሌላ ወላጅ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ መርሐ ግብሩ ለአገሩ ሁኔታ ተስተካክሎ ከተሞከረባቸው ቀደምት አገሮች አንዷ ናት።

ትምህርቱ ሲታይ ትንሽ ነገር ይመስላል። እናት ልጇ የሚያየውን ነገር አብራ ታያለች፤ ውሃ ሲፈልግ «ውሃ» ብላ ትንሽ ትጠብቃለች፤ ዓይኑን ቢያነሣ ወይም እጁን ቢዘረጋ እንደ መልስ ቆጥራ ትሰጠዋለች። ልጅ ሲጮህና ራሱን ሲመታ ከቅጣት በፊት ምን ለማለት እንደፈለገ ትመረምራለች፦ ድምፅ ረብሾት ይሆን? ርቦት? ወይስ ከጀመረው ነገር በድንገት ተነጥሎ? ለአሳዳጊዋ ለራሷ ጤና የተመደበ ክፍለ ጊዜም አለ።

ሌላው መንገድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። በኢትዮጵያ ገጠር ከ300 በላይ በሆኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይ የተደረገ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ስለ አእምሮ ጤናና ስለ ኦቲዝም አጭር ሥልጠና የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ኦቲዝም ላላቸው ልጆች ያላቸው አሉታዊ አመለካከት ያነሰ፣ ለመቅረብ ያላቸው ፈቃደኝነትም የበለጠ ሆኖ አግኝቶታል። ነገር ግን ተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱት ልጆቹ ወደፊት ሊደርሱበት ስለሚችሉት ነገር የነበራቸው ተስፋ ካልሠለጠኑት ያነሰ ነበር። ኦቲዝም እንደማይድን ብቻ አስተምሮ ልጅ ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል አለማሳየት የሚያመጣው ችግር ሳይሆን አይቀርም።

አዋሽና ሰመራ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሰመራ የሚከፈልባት የባቡርና የመኪና ከተማ ናት። ሰመራ አሳይታን ተክታ የክልሉ ርዕሰ ከተማ የሆነች አዲስ ከተማ ስትሆን ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ይገኝባታል፤ የዱብቲ ሆስፒታልም ሩቅ አይደለም። ሁለቱንም የሚያገናኘው ጅቡቲ ወደብ የሚመላለሱ ከባድ መኪኖች የሚያልፉበት መንገድ ነው።

ይህ መንገድ ለእነዚህ ቤተሰቦች ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ኦቲዝም ካላቸው ልጆች ብዙዎቹ ሳይታዩ ከቤት የመውጣት ልማድ አላቸው፤ ውሃም በጣም ይስባቸዋል። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት እንዲህ ጠፍተው ለሚሞቱ ልጆች ዋናው ምክንያት መስጠም ነው። የጭነት መኪና በማይቋረጥበት መንገድ ዳር፣ አዞ ካለበት የአዋሽ ወንዝ አጠገብ የሚኖር ወላጅ ልጁን ለምን በር ዘግቶ እንደሚያስቀምጥ መረዳት አያስቸግርም። ለዚህ ፈውሱ ወላጅን መውቀስ አይደለም። ልጁን ጎረቤቱ፣ ባለ ሱቁና የባጃጅ ሾፌሩ ካወቁት፣ ስሙንና የቤተሰቡን ስልክ በልብሱ ላይ ከያዘ፣ በሩም ከሕፃን እጅ በላይ የሆነ መቀርቀሪያ ካለው መታሰር አያስፈልገውም።

ቋንቋም አለ። የአፋርኛ ጽሕፈት በላቲን ፊደል ስለሆነ በአማርኛ ፊደል ላይ የተመሠረተ ዘዴ አፋርኛ አፍ ለፈታ ልጅ እንዳለ አይሠራም፤ ሥዕል ግን ይሠራል። በሁለት ቋንቋ ማደግ ልጁን ግራ ያጋባዋል እየተባለ ወላጆች አንዱን እንዲተዉ ሲመከሩ ይሰማል። ጥናቶች ይህን አይደግፉም፤ እናት በምትችለው፣ በምትወድበትና በምታባብልበት ቋንቋ ብታናግረው የተሻለ ነው።

በአፋር ባህል ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር የሚለዋወጡበት ዳጉ የሚባል ሥርዓት አለ። መናገር የማይችል፣ ሰው ሲያነጋግረው ዓይኑን የሚያሸሽ ልጅ ከዚህ ልውውጥ ውጭ ሆኖ ያድጋል። በሌላ በኩል ወሬ ከሰመራ ተነሥቶ በከብት አርቢዎች መንደር እንዲዳረስ ከዳጉ የፈጠነ የማስታወቂያ ሰሌዳ አይገኝም። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም አንድ ሼኽ ስለ ኦቲዝም በትክክል የነገሩት ሰው ለሚቀጥለው ይነግራል፤ የተሳሳተ ወሬም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

የትምህርት ሚኒስቴር ለ2016–2025 እ.ኤ.አ. ያወጣው የልዩ ፍላጎትና አካታች ትምህርት ዕቅድ በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ዙሪያቸውን የሚያገለግሉ የድጋፍ ማዕከላት እንዲቋቋሙ ያስቀምጣል። በእነዚህ ከተሞች ከባዶ ሕንፃ ከመሥራት ይልቅ ለጅምር ይህ ይቀርባል፦ አንድ ጸጥ ያለ፣ ሙቀቱ የሚቻል ክፍል፣ ለጠዋት ሰዓት የተመደበች አንዲት መምህርት፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚሰበሰቡ አምስት ወይም ስድስት እናቶችና አባቶች፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ሥዕሎች። ከምሽት ይልቅ ጠዋት የሚመረጠው በቆላው ሙቀት ከረፋዱ በኋላ ማንኛውም ልጅ ስለሚደክም፣ ለሙቀትና ለድምፅ ስሜቱ የተለየ ልጅ ደግሞ ይብስ ስለሚረበሽ ነው።