ዐሥረኛው ደራጎን

የዕድል ሒሳብ በክፍል ውስጥ ሲነገር ምሳሌው አብዛኛውን ጊዜ ሳንቲም ወይም ካርታ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ምሳሌ የምናደርገው በኢንተርኔት የሚካሄድ አንድ የደራጎን ጨዋታ ነው። ጸሐፊው የሒሳብ ተማሪ ሲሆን ባለፈው ዓመት ከተጫዋቾቹ ማኅበር ገብቶ ነበር።

የጨዋታው ሥርዐት እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ከፍሎ እንቁላል ይገዛል፤ ከእንቁላሉም ከ10 ዐይነት ደራጎኖች አንዱ ይፈለፈላል። የትኛው እንደሚወጣ አስቀድሞ አይታወቅም፤ የሁሉም ዕድል እኩል ነው። ዐሥሩንም ያሟላ ሽልማት ያገኛል።

ከማኅበሩ አንድ ተማሪ በ19 እንቁላል 9 ዐይነት አገኘ። የወሩ የምሳ ገንዘብ ግን ከግማሽ በላይ አልቆ ነበር። ልተው ወይስ ልቀጥል ብሎ ቢጠይቅ፥ «አይዞህ፥ ዘጠኙን ያገኘህ ሰው አንዱ አያቅትህም» አሉት። እኔም ሳላሰላ ከመካሪዎቹ ጋራ ተስማማሁ።

ነገሩን በሒሳብ እንመርምር። አንድ ነገር በእያንዳንዱ ሙከራ የመገኘት ዕድሉ 1/10 ቢሆን፥ እስኪገኝ ድረስ የሚያስፈልገውን አማካይ የሙከራ ብዛት መ እንበለው። አንድ ሙከራ በማናቸውም ሁኔታ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ በ9/10 ዕድል እንደ ገና ከመጀመሪያው እንነሣለን። ስለዚህ መ = 1 + (9/10)መ ይሆናል፤ ከዚህም መ = 10 ይገኛል። በዚሁ መንገድ ዕድሉ 2/10 ሲሆን አማካዩ 5፥ 3/10 ሲሆን 3.33 ነው።

የመጀመሪያው እንቁላል ምንጊዜም አዲስ ዐይነት ያስገኛል። ሁለተኛውን ዐይነት ለማግኘት 10/9፥ ሦስተኛውን ለማግኘት 10/8 እንቁላል በአማካይ ያስፈልጋል፤ እንዲህ እያለ የመጨረሻው 10 ይደርሳል። ድምሩ 29.29 ነው። ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ዐይነቶች 14.29 ሲወስዱ የቀሩት ሁለቱ ብቻ 15 ይወስዳሉ። እንግዲህ 9 ዐይነት የያዘ ሰው ከጉዞው ዘጠኝ ዐሥረኛውን የጨረሰ ይመስለዋል እንጂ፥ በወጪ በኩል ሲታይ የተጓዘው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው።

ይህን ስሌት ለተማሪው ስጽፍለት ስድስት እንቁላል ጨምሮ ገዝቶ ነበር፤ ስድስቱም ቀድሞ የነበሩት ዐይነቶች ሆኑበት። «ይህን ያህል ከሳትሁ እንግዲህ ቀርቤአለሁ» አለኝ። ነገር ግን ስድስት ጊዜ የመሳት ዕድል 0.9 በራሱ ስድስት ጊዜ ተባዝቶ 0.53 ነው፤ ማለት ከግማሽ በላይ ስለ ሆነ የሚያስደንቅ አይደለም። እንቁላሉም ያለፈውን አያስታውስም፤ ከስድስት ስሕተት በኋላም የሚጠብቀው አማካይ ያው 10 ነው። ሃያ ጊዜ እንኳ ቢሞክር፥ ከመቶ 12 ያህል ዕድል ዐሥረኛውን ሳያገኝ ይቀራል።

ጉዳዩ የተማሪዎች ክርክር ብቻ አይደለም። በጃፓን አገር በዕጣ የሚገኙትን ሥዕሎች በሙሉ ያሟላ ሰው ሽልማት የሚቀበልበት «ኮምፑ ጋቻ» የተባለ አሠራር በስልክ ጨዋታዎች ተስፋፍቶ ነበር። በ2012 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት አሠራሩ በ1962 የወጣውን የሽልማት ሕግ የሚቃረን መሆኑን አስታወቀ፤ ኩባንያዎችም ተዉት።

ተማሪው ስሌቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ መግዛቱን አቆመ፤ ዘጠኙ ደራጎኖች ዛሬም በእጁ አሉ። የገዛው 25 እንቁላል ሲሆን ይህ ከአማካዩ ያነሰ ነው። በመሆኑም ዕድሉ ከሌላው ሰው የከፋ አልነበረም። የተሳሳተው የቀረውን ደራጎን ቈጥሮ የቀረውን ወጪ ባለመቍጠሩ ነው፤ በዚህም እኛ መካሪዎቹ ተባባሪዎች ነበርን።