ስምሽ ማን ነው?

በዛሬው እትም የምናወራው ሁላችንም ከአገር ይዘነው ስለመጣነው፣ ግን ብዙዎቻችን ሻንጣ ውስጥ ስለተውነው ነገር ነው። ስለ ስማችን።

የእኔ ስም ማንጠግቦሽ ነው። ያወጣችልኝ አያቴ ናት። እናቴ ከእኔ በፊት ሁለት ሴቶች ወልዳ በጨቅላነታቸው አጥታለች። እኔ ስወለድ አያቴ አቀፈችኝና «ማን ጠግቦሽ!» አለች። ማን አይቶሽ ጠገበ ማለት ነው። ስሜ ሆኖ ቀረ። አገር ቤትም ቢሆን ብዙ የማይሰማ ስም ስለሆነ የክፍሌ ልጆች «የአሮጊት ስም» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ቤሩት የገባሁ ዕለት ማዳም ፓስፖርቴን ገልጣ ስሜን ለማንበብ ሞከረች። «ማንታ… ማንቲ…» አለች። ልጆቿ ሳቁ። ከዚያ «ኻላስ፣ አንቺ ሪታ ነሽ» አለችኝ። ከእኔ በፊት የነበረችውም ልጅ ሪታ ትባል እንደ ነበር የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። ስሙ ከአልጋዋና ከሽርጧ ጋር ነው የተላለፈልኝ።

ለምን ይከብዳቸዋል?

ሁሉም በክፋት አይደለም። በአረብኛ ፊደል ውስጥ ፐ፣ ጨ እና ኘ የሉም። የእኛን ገ አንዱ በጀ፣ አንዱ በከ፣ ሌላው ከጉሮሮ በሚወጣው «ገይን» ይጽፈዋል። በዚያ ላይ አረብኛ ሲጻፍ አጫጭሮቹ ድምፆች አብዛኛውን ጊዜ አይጻፉም፤ አንባቢው ቃሉን ስለሚያውቀው ራሱ ይሞላቸዋል። የማያውቀውን ስም ሲያገኝ ግን በግምት ነው የሚሞላው። የእኛ ፊደል ለ፣ ሉ፣ ሊ እያለ ሁሉን አሟልቶ ስለሚጽፍ ይህ ችግር አይታየንም።

ስማችን ወረቀት ላይ የሚደርሰውም ሁለት ጊዜ ተለውጦ ነው። መጀመሪያ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ፊደል፣ ከዚያ ወደ አረብኛ። ፀሐይ የምትባል እኅት አንዱ ወረቀት ላይ በ«ቲኤስ»፣ ሌላው ላይ በ«ኤስ» ብቻ ትጻፋለች። ለቢሮ ሠራተኛው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ሌላም ጣጣ አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችን፣ የአባታችን፣ የአያታችን ነው። ፈረንጅም አረብም ግን የመጨረሻውን ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሎምፒክ እጅጋየሁ ዲባባ በ10,000 ሜትር ብር ስታገኝ፣ በ2008 ደግሞ በቤጂንግ እኅቷ ጥሩነሽ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስትወስድ፣ የውጭ ጋዜጠኞች ሁለቱንም «ዲባባ» ነበር የሚሏቸው። ዲባባ አባታቸው ናቸው። እኔም ለኢቃማ ወረፋ ተቀምጬ የአያቴ ስም ሦስት ጊዜ ሲጠራ ዝም ብዬ ወረፋዬ አልፎኛል። ከወረዳው ወጥቶ የማያውቅ ሰው ቤሩት ላይ ሲጠራ እኔን ነው ብዬ እንዴት ልገምት?

ይህ ያስቃል። የሚቀጥለው ግን አያስቅም።

ሊንዳን ፍለጋ

በሕንፃችን ሦስተኛ ፎቅ አንዲት ሐበሻ ትሠራ ነበር። ልብስ ስናሰጣ በረንዳ ለበረንዳ እናወራለን፤ ሽንኩርት ሲያልቅባት በገመድ አወርድላታለሁ። ማዳሟ ሊንዳ ስለምትላት እኔም ሊንዳ እላት ነበር። እሷም ሪታ ትለኛለች። አንድ ቀን በረንዳው ላይ አጣኋት። በረኛው «ታማ በአምቡላንስ ወሰዷት» አለኝ። ወዴት እንደሆነ አያውቅም፤ አሠሪዎቿም ከከተማ ወጥተዋል።

እሑድ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ፍለጋ ወጣን። ሆስፒታሉ መስኮት ላይ ያለው ሰው «ስሟ?» አለን። «ሊንዳ።» «የአባቷ ስም?» ተያየን። ኢትዮጵያዊት ሊንዳ የለችም ብሎ መለሰን። ሁለተኛውም ሆስፒታል እንዲሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከፊቴ የነበረች ልጅ፣ አንድ ቀን እንኳ «እናትሽ ማን ብለው ጠሩሽ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ያገኘናት በአምስተኛው ቀን ነው። ገንዘብ ወደ አገር ስትልክ አብራት የምትሄድ እኅት አንድ ደረሰኝ አስቀምጣላት ኖሮ፣ ስሟ እስከ አያቷ ሰፍሮበታል። ያንን ወረቀት ይዘን መጀመሪያ ወደሄድንበት ሆስፒታል ተመለስን። እዚያው ነበረች።

ገብቼ በስሟ ጠራኋት። (ስሟን እዚህ ያልጻፍሁት እንዳልጽፈው ስለለመነችኝ ነው።) ቀና ብላ «ማን ነገረሽ?» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «ያንቺስ?» አለች። ነገርኳት። «ማን… ጠግቦሽ» ብላ ለይታ ስትጠራው የአያቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን።

ምን እናድርግ?

እኅቴ ሆይ፣ ስምሽን እስከ አያትሽ በአማርኛ፣ እንደ ፓስፖርትሽ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ እንደ ኢቃማሽ በአረብኛ ጻፊው። የፓስፖርት ቁጥርሽንና የአሠሪሽን ስልክ ጨምሪበት። አንዱን ለምታምኛት ጓደኛ፣ አንዱን ለቤተሰብ ስጪ። ኢቃማሽ ሲታደስ ፊደሉን ከፓስፖርቱ ጋር አወዳድሪ፤ ስህተቱ ሳይቆይ ቢታረም ይሻላል። ገንዘብ ስትልኪም የተቀባዩን ስም መታወቂያው ላይ እንዳለው አስጽፊ።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የቤት ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 189 በአንቀጽ 9 ፓስፖርታችንና መታወቂያችን በራሳችን እጅ የመሆን መብት እንዳለን ይናገራል። ሊባኖስ አላጸደቀችውም። ስለዚህ ፓስፖርትሽ በማዳም ቁም ሣጥን ተቆልፎበት ከሆነ፣ ቢያንስ ፎቶውን በስልክሽ ያዢ፤ ለቤተሰብሽም ላኪው።

ስምሽንም አስተምሪ። በእኛ ቤት መጀመሪያ የለመዱት የማዳም እናት ናቸው። በእነሱም ቋንቋ «መን» ማለት «ማን» ነውና ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው። አሁን «ማንጠቦሽ» ይሉኛል። ገዋ ጠፍታለች፤ ቢሆንም ስጠራ እኔ መሆኔን አውቃለሁ። ማዳም እስከ ዛሬ ሪታ ነው የምትለኝ።

እኛ ግን እርስ በርሳችን እንጠራራ። በመጪው እሑድ ከጸሎት በኋላ ሻይ ስንጠጣ፣ አጠገብሽ የተቀመጠችውን እኅት «ስምሽ ማን ነው? ያገር ቤቱ?» ብለሽ ጠይቂያት። እስከ አያቷም ያዢው።