ለማስታወስ ኀይል ስለሚሸጠው ዩሪዲን

«የማስታወስን ኀይል ይጨምራል» እየተባለ በጠርሙስና በእንክብል ከሚሸጠው ነገር አንዱ ዩሪዲን ነው። ተማሪው ለፈተና፥ ሽማግሌው ለመርሳት እንዲበጀው ገንዘብ ይከፍልበታል። እኛም ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ፥ በአንጐል ውስጥ ምን እንደሚሠራ፥ ተፈትኖም ምን እንደ ተገኘበት ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

ዩሪዲን ኑክሊዮሳይድ ከሚባሉት ወገን ነው። ይኸውም ዩራሲል የተባለ ናይትሮጅን ያለበት ነገር፥ ሪቦዝ ከሚባል ስኳር ጋራ የተጣመረበት ውሑድ ነው። ለሰውነታችን እንግዳ አይደለም። በየሕዋሳችን ባለው አር ኤን ኤ ውስጥ አለ፤ በእናት ጡት ወተትም ይገኛል። ጕበት ራሱ ሠርቶ በደም ስለሚልከው፥ ጤነኛ ሰው ከምግብ ባያገኘው እንኳ አይጐድልበትም።

በአንጐል የሚፈጽመው ሥራ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። የአንጐል ሕዋሶች መልእክት የሚቀባበሉት በቅርንጫፎቻቸው ጫፍ ባሉት መገናኛዎች ሲሆን፥ እነዚህም ፎስፎሊፒድ ከሚባል ስብ ነክ ነገር የተሠራ ስስ ሽፋን አላቸው። ሽፋኑን ለማደስ ከዕንቍላል አስኳልና ከጕበት የሚገኘው ኮሊን፥ እንደ ዓሣ ካለ ምግብ የሚገኝ ስብ፥ ዩሪዲንም ያስፈልጋሉ። የጭቃ ቤት ሲሠራ እንደምናየው፥ ኮሊን ጭቃው፥ ስቡም ጭዱ ቢሆን፥ ዩሪዲን ጭቃውን ተሸክሞ ከግድግዳው የሚያደርሰው ባሬላ ነው። ባሬላው ኮሊኑን በተሸከመ ጊዜ ሲዲፒ ኮሊን፥ ወይም ሲቲኮሊን ይባላል። ይህን መንገድ በ1950ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የገለጠው አሜሪካዊው ሊቅ ዩጂን ኬኔዲ ነው።

እንግዲህ «ባሬላው ቢበዛ ግድግዳው ይጸናል» ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። በአይጥ መሰል እንስሳት በተደረገው ምርመራ ሦስቱ ነገሮች አብረው ሲሰጡ የአንጐል ሽፋንና መገናኛ መጨመሩ ታይቶ ነበር። በሰው ላይ የተገኘው ውጤት ግን ተስፋውን ያህል አልሆነም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) በታተሙት ሁለት ታላላቅ ምርመራዎች፥ አንዱ የደም ሥር ተዘግቶባቸው አንጐላቸው በተጐዳ 2,298 በሽተኞች፥ ሁለተኛው በአደጋ ጭንቅላታቸው በተመታ 1,213 ሰዎች ላይ ሲቲኮሊን ተፈትኖ፥ መድኃኒቱን የወሰዱት ካልወሰዱት ተሽለው አልተገኙም። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የመርሳት በሽታ በጀመራቸው 311 ሰዎች ላይ ዩሪዲን ያለበት መጠጥ ለሁለት ዓመት ተሞክሮ፥ በዋናው የአእምሮ መለኪያ ልዩነት አልታየም፤ ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጐል ክፍል መሟሸሽ ግን በጠጪዎቹ ዘንድ አነስ ብሎ ነበር። ይህን አንንቀውም፤ ጠርሙስ ለማሻሻጥ ግን አይበቃም።

ዩሪዲን መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ከውርስ በመጣ ብርቅ በሽታ ምክንያት ሰውነታቸው ዩሪዲንን መሥራት ለማይችል ልጆች፥ ከእርሱ የተዘጋጀ መድኃኒት በ2015 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ተፈቅዷል። በነዚህ ልጆች ዘንድ ባሬላው በእርግጥ የጐደለ ነው። ጤነኛው ተማሪ ግን አልጐደለበትም፤ እንክብሉን ውጦ ትምህርቱን አብልጦ ለመያዙም የተረጋገጠ ነገር የለም። ሌሊቱን ተኝቶ ቢያድር ይሻለዋል።

እኛን ይልቁን የሚያሳስበን የሽማግሌው ነገር ነው። መርሳት ሁሉ ከእርጅና አይመጣም። የቫይታሚን ቢ 12 ማነስ፥ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፥ ብርቱ ኀዘንና ትካዜ፥ ለሌላ በሽታ የታዘዘ መድኃኒትም አእምሮን ሊያደነዝዙ ይችላሉ፤ እነዚህም በጊዜ ከታወቁ የሚታከሙ ናቸው። የቢ 12 ማነስ ግን ቸል ከተባለ በነርቭ ላይ የማይመለስ ጕዳት ያደርሳል። ቤተ ሰብ አንዱ ጠርሙስ እስኪያልቅ፥ ቀጥሎም ሌላው እስኪሞከር ሲጠብቅ የሚያልፈው ወራት ይህ ነው። ስለዚህ አባት ወይም እናት መርሳት ሲያበዙ አስቀድሞ ደማቸውንና የደም ግፊታቸውን ማስመርመር ይገባል፤ ወደ ሐኪም ሲኬድም በቤት ያለው እንክብልና ጠርሙስ ሁሉ፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛውም ጭምር፥ ተይዞ ይሂድ።