ጠጣርና ለስላሳ ውሃ በአንድ ቤት ቧንቧ

የለንደን ውሃ ከቴምዝና ከሊ ወንዞች፣ ከኖራማ አለት ውስጥም ይቀዳል። ስለዚህ ጠጣር ነው፤ ማሞቂያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል።

ማለስለሻ መሣሪያው ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አስቀርቶ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል። በሊትር 300 ሚሊግራም ጥንካሬ ያለው ውሃ ሙሉ በሙሉ ሲለሰልስ 138 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ይጨመርበታል። በእንግሊዝ ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደው ጣሪያ 200 ነው፤ ውሃው ቀድሞ የያዘው ሶዲየም ሲታከል ክፍተቱ ይጠባል። ጠንቃቃ ባለሙያ የወጥ ቤቱን የመጠጥ ቧንቧ ከመሣሪያው በፊት የሚቀጥለው ለዚህ ነው፤ በተለይ የጡጦ ወተት ለሚበጠበጥለት ሕፃንና ጨው እንዲቀንስ ለታዘዘ ሰው።

ሙሉ በሙሉ ከማለስለስ ይልቅ ጠጣሩንና ለስላሳውን ውሃ ማደባለቅም ይቻላል፤ ሂሳቡም ቀላል ነው። የማደባለቂያው ቫልቭ አንድ እጅ ጠጣር ከሦስት እጅ ለስላሳ ጋር ካገናኘ፣ 300ው ወደ 75 ይወርዳል፤ የሚጨመረው ሶዲየምም 104 ያህል ይሆናል።

በጣም የሚያሳዝነው ሙቁን መስመር ብቻ አለስልሶ ቀዝቃዛውን መተው ነው። ማሞቂያው ይድናል፤ ሻወሩ ላይ ግን ሁለቱ ሲገናኙ ጥንካሬው ይመለሳል፣ መስታወቱም ነጭ ነጠብጣብ ይይዛል።

የውሃው ግፊት ሲለዋወጥ ድብልቁም ሊዛባ ስለሚችል፣ ባለሙያው ቫልቩን ካስተካከለ በኋላ ቧንቧው ላይ በመለኪያ ወረቀት ደጋግሞ ይፈትሻል።